ራጁ ድኗል ቢልም ሕመሙ ያልለቀቀው ሠራተኛ

«ሰላም ጋሼ። ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በፋብሪካው ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። አንድ የ28 ዓመት ሠራተኛ አለን፤ የመንዝ ልጅ ነው። ከአራት ወር በፊት ቀኝ እጁ በማሽን ሮለር ተይዞ አንጓው ላይ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት ጀሶ ታሰረለት። ጀሶው ሲፈታ ራጅ ተነሣና ‹አጥንቱ ገጥሟል፣ ድኗል› ተባለ። እሱ ግን ሕመሙ ባሰብኝ ይላል። እጁ አብጦ ያብረቀርቃል፤ አንዳንዴ ይቀላል፣ አንዳንዴ ይጠቁራል። የሹራቡ እጅጌ ሲነካው ይዘላል። ሌሊት አይተኛም። በየሳምንቱ ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ እወጋዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አይዝለትም። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቶታል። እናቱ ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ልውሰደው እያሉ ነው። አለቃው ‹እያስመሰለ ነው፣ ለሥራ ብቁ ነው ብለሽ ጻፊ› ይለኛል። ደመወዙም ከዚህ ወር ጀምሮ ተቀንሷል። ሕመምን ብቻ የሚያክም ስፔሻሊስት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ልላከው ወይስ ትንሽ ልጠብቅ? ብልከውስ የት ነው የምልከው? እየተሞኘሁ ቢሆንስ?»

ሲስተር፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። መልሱን ላስቀድምልሽ፤ ላኪው። ዛሬ ነገ አትበይ።

የሕመም ስፔሻሊስት ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ሁሉም ነገር ተሞክሮ፣ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ተስፋ ሲቆርጡ የሚኬድበት የመጨረሻ በር ነው። በእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ በሌላውም ዓለም ሠራተኛው ዓመት ሁለት ዓመት ከተንከራተተ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የሚላከው። እዚያ ሲደርስ ሥራው ሄዷል፣ እንቅልፉ ሄዷል፣ ትዳሩም ተናግቷል። ከዚያ በኋላ ስፔሻሊስቱ ምን ያድርግ? አንቺ የገለጽሽው ዓይነት እጅ ደግሞ ጭራሽ ጊዜ አይሰጥም።

ደንቡ አጥንት ሲገጥም ሕመምም አብሮ መቀነሱ ነው። ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መለያ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ ከአደጋ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ለብቻው ተለይቶ ተቀምጧል። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ማለት «ልጁ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ራጅ አጥንት ያሳያል። ነርቭ አያሳይም።

የዚህ ልጅ ነገር ግን ከተራ የቆየ ሕመም ያለፈ ይመስለኛል። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ ሆኖም የጻፍሽው ሁሉ አንድ በሽታ ላይ ይጠቁማል። ሐኪሞች ኮምፕሌክስ ሪጅናል ፔይን ሲንድረም፣ ባጭሩ ሲ.አር.ፒ.ኤስ ይሉታል። ከስብራት ወይም ከመጨፍለቅ በኋላ፣ በተለይ ከእጅ አንጓ ስብራት በኋላ ይመጣል። ነርቮቹ ከተጎዱበት ወይም ከተቆጡበት ቶሎ አይመለሱም። የደም ሥሮቹን፣ ላቡን፣ ቆዳውን የሚቆጣጠረው ሥርዓት ይዛባል። አንጎልም ያንን እጅ እንደ ድሮው አያውቀውም። አዲስ ነገርም አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሲላስ ዌር ሚቼል የተባለ ሐኪም በጥይት ነርቫቸው የተመታ ወታደሮች ላይ የሚያቃጥል ሕመም አይቶ በ1864 ከባልደረቦቹ ጋር ጽፎበታል። ከእነዚያ ወታደሮች አንዳንዶቹ ማቃጠሉን ለማብረድ እጃቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይውሉ ነበር። እነሱንም አስመሳይ ያላቸው ሰው አይጠፋም።

እንግዲህ ነገ ሲመጣ መርፌውን ከማዘጋጀትሽ በፊት አሥር ደቂቃ ስጪው። ከውጭ እንደገባ አይሁን፤ በደብረ ብርሃን ጠዋት የማንም እጅ ይጠቁራል። ትንሽ ይሙቅ። ከዚያ መስኮት አጠገብ አስቀምጪውና ሁለቱን እጆቹን እስከ ክርኑ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያኑር። መጀመሪያ አትንኪው፤ እዪው ብቻ። ቀለማቸው አንድ ነው? የቀኙ ቆዳ ሳስቶ ያብለጨልጫል? የጣቶቹ መጨማደጃ መስመሮች ከእብጠቱ የተነሣ ጠፍተዋል? ጥፍሩና ፀጉሩ ከግራው ተለይቶ አድጓል ወይስ ረግፏል? ቀጥሎ በጣቶችሽ ጀርባ ሁለቱንም ዳሰስ ዳሰስ አድርጊ፤ አንዱ ከሌላው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? መዳፉ እርጥብ ነው? ከዚያ ትንሽ ጥጥ ወስደሽ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን በቀስታ ንኪ። ጥጥ ያማል? መጨረሻ ላይ ጭብጥ አድርግ በዪው። የጣቶቹ ጫፍ መዳፉ ላይ ለመድረስ ስንት ሴንቲሜትር እንደቀረው በማስመሪያ ለኪ። እብጠቱንም በልብስ ሰፊ ሜትር መዳፉ ዙሪያ ለኪውና ከግራው ጋር አወዳድሪ። ሁሉንም ካርዱ ላይ ጻፊ፤ ቀኑንም። ልጁ ከፈቀደ በስልክሽ ሁለቱን እጆች አንድ ላይ ፎቶ አንሺ። ቀለሙ የሚቀያየር ከሆነ በባሰበት ሰዓት የተነሣ ፎቶ ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

ለዚህ በሽታ የቡዳፔስት መመዘኛ የሚባል አለ። አራት ነገር ያያል። አንዱ ስሜት ነው፤ ሲነኩት ከመጠን በላይ ማመሙ። ሌላው ቀለምና ሙቀት ነው። ሦስተኛው እብጠትና ላብ፤ አራተኛው የእንቅስቃሴ መቀነስና የቆዳ፣ የፀጉር፣ የጥፍር ለውጥ። ሕመምተኛው ከአራቱ በሦስቱ ቢያንስ አንድ አንድ ነገር ከተናገረ፣ መርማሪውም ከሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ራሱ በዓይኑ ካየ፣ ሌላ የሚያስረዳ በሽታም ከሌለ፣ ነገሩ ወደዚያ ያጋድላል። ባንቺ ደብዳቤ ውስጥ ሦስቱ ቁጭ ብለዋል። አራተኛውን ደግሞ ማስመሪያው ይነግርሻል።

«ሌላ የሚያስረዳ በሽታ ከሌለ» የምትለዋን ግን አትለፊያት። ትኩሳት፣ መግል፣ የሚሸት ቁስል ካለ ኢንፌክሽን ነው፤ ያኔ ቀጠሮ አይጠበቅም። ጣቶቹ ሰማያዊ ሆነው ምቱ ከጠፋ ወይም እጁ ድንገት በአንድ ቀን ካበጠ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። አውራ ጣቱና ሁለቱ አጠገቡ ያሉት ብቻ የሚደነዝዙት ከሆነ አንጓው ላይ የታፈነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ተጣሞ ገጥሞም እንደሆነ የአጥንት ሐኪም ራጁን ደግሞ ይየው። እነዚህን የምልሽ እንድትፈሪ አይደለም፤ ሪፈሩ ላይ «አይቻለሁ፣ የለም» ብለሽ እንድትጽፊ ነው።

«እየተሞኘሁ ቢሆንስ» ያልሽው ነገር እንዳሳሰበሽ ገብቶኛል። የሚያስመስል ሠራተኛ የለም አልልሽም፤ አለ፣ አንቺም ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ግን እስቲ አስቢው። ሰው ማቃሰት ይችላል፣ ማነከስ ይችላል። አንድ እጁን ብቻ ማላብ፣ አንድ መዳፉን ብቻ ማቀዝቀዝ፣ ጥፍሩን ከሌላው እጅ ለይቶ ማሳደግ ግን እንዴት ይችላል? አለቃው ይህን ሁሉ አይቶ ያውቃል? እጁን ገልጠሽ ከግራው ጋር ጎን ለጎን አሳዪው፤ ልጁ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ብዙ አለቃ ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚጠራጠረው። ወረቀቱ «ድኗል» ስለሚል ነው።

አሁን የሕመም ሕክምና ክፍል ምን እንደሚሠራ ልንገርሽ፤ ልጁም ቤተሰቡም ሳያውቁ ከሄዱ ተናደው ነው የሚመለሱት። አንድ መርፌ ወግተው ሕመሙን ነቅለው የሚጥሉበት ቦታ አይደለም። ቢሟላ አንድ ቡድን ነው። ብዙ ጊዜ ከሰመመን ሕክምና የመጣ የሕመም ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ነርስ አሉበት። የነርቭ ሕመም መድኃኒቶችን ያስተካክላሉ። ካስፈለገ አንገት አካባቢ ወዳለው የነርቭ ቋጠሮ ማደንዘዣ ይወጋሉ። እጁ ቀስ በቀስ መነካትን እንዲለምድ፣ እንዲንቀሳቀስ ያሠለጥናሉ። ግባቸው ሕመሙን ዜሮ ማድረግ ብቻ አይደለም። እንዲተኛ፣ ቁልፉን እንዲቆልፍ፣ እንጀራውን በቀኙ እንዲቆርስ፣ ወደ ሥራው እንዲመለስ ነው። ሥነ ልቦና የሚለውን ሲሰማ ልጁ «እብድ ነህ ሊሉኝ ነው» ብሎ ይደነግጥ ይሆናል። አስቀድመሽ ንገሪው፤ አራት ወር ያልተኛ ሰው አእምሮው መድከሙ የማንም ነው።

የት ነው ያልሽው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሕመምን ለብቻው የሚያክም ክፍል በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ሁለት በር በአንድ ጊዜ አንኳኪ። አንደኛው እዚያው ደብረ ብርሃን ነው። ወደ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ ወደ አጥንት ሕክምና ላኪው፤ ፊዚዮቴራፒንም በስሙ ጠቅሰሽ ጠይቂ። ፊዚዮቴራፒ ተብሎ ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ነውና ደክሞ ደርሶ «ዛሬ የለም» እንዳይባል አስቀድሞ ይደወል። ጥቁር አንበሳን ወይም ጳውሎስን ከመሳሰሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ስትጠይቂ ጥያቄሽ ይህ ይሁን፦ የሕመም ክሊኒክ ወይም ሕመም የሚያይ የሰመመን ስፔሻሊስት አላችሁ? በየትኛው ቀን ያያል? ከክልል ሪፈር ሲመጣ በማን በኩል ነው የሚያልፈው? ፋብሪካችሁ የክሬዲት ውል ያለው ከአንድ የግል ሆስፒታል ጋር ብቻ ከሆነ ያንኑ ጥያቄ እዚያም ጠይቂ። ከሌላቸው ወደ ሌላ እንዲያስተላልፉት በጽሑፍ ተቀበዪ።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ ደግሞ አደራሽን «ለተሻለ ሕክምና» ብለሽ እንዳትጨርሺው። ይህቺ ሐረግ ከማኅተሙ ቀጥሎ በወረቀቶቻችን ላይ በብዛት የምትገኝ ነገር ናት፤ ለተቀባዩ ሐኪም ግን ምንም አትነግረውም። ወረቀቱን በእንግሊዝኛ እንደምትሞዪው አውቃለሁ፤ ሐሳቡ ግን እንዲህ ቢሆን፦

«የ28 ዓመት ወንድ፣ የማሽን ሠራተኛ፣ ቀኝ እጁን የሚጠቀም። ከአራት ወር በፊት በሥራ ላይ ቀኝ እጁ በሮለር ተይዞ የአንጓ ስብራት፤ ስድስት ሳምንት ጀሶ። ራጅ፦ ገጥሟል። ከጀሶው በኋላ የጀመረ የሚያቃጥልና የሚነዝር ሕመም፣ ከ10 ላይ 8። ጥጥ ሲነካው ያማል። ከግራው ይቀዘቅዛል፣ ያልበዋል፣ አብጧል፣ ቀለሙ ይቀያየራል። ሲጨብጥ የጣቶቹ ጫፍ መዳፉ ላይ ለመድረስ 4 ሴንቲሜትር ይቀራቸዋል። ትኩሳትና ቁስል የለም፤ ምቱ ደህና ነው። ዲክሎፌናክ በመርፌ ለሳምንታት ተሰጥቶት ለውጥ የለም። ፊዚዮቴራፒ አላገኘም። ሌሊት ሦስት ሰዓት ያህል ይተኛል። ወደ ሥራው መመለስ ይፈልጋል። ጥያቄያችን፦ ሲ.አር.ፒ.ኤስ ነው ወይ? የትኛው መድኃኒት ይጀመርለት? የነርቭ መርፌ ያስፈልገዋል? በምን ዓይነት ሥራ ቢጀምር ይሻላል? እኛ ክሊኒክ ምን እንከታተል?»

ቁጥሮቹን በራስሽ ልኬት ተኪያቸው። ሕመሙን ሲገልጽልሽ ያለውን ቃል አትለውጪበት። ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይለቅብኛል ካለ እንዳለ አስፍሪው፤ ነርቭ መሆኑን የሚጠቁሙ ናቸው። ይጠዘጥዘኛል ካለም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ደግሞ ትንሽ አይምሰሉሽ። ያልተጠየቀ ሐኪም ማስታገሻ ጽፎ ይመልሳል። የተጠየቀ ሐኪም ግን ለጥያቄው መልስ መጻፍ ግድ ይለዋል።

ቀጠሮው እስኪደርስ ልጁ እጁን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ እንዳይቀመጥ። ለመከላከል ብሎ ያደርገዋል፤ ማንም ያደርገዋል። ግን እጁ በተኛ ቁጥር መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ሕመሙም ይጨምራል። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያንቀሳቅሰው። ለብ ባለ ውኃ ይታጠብበት፤ በረዶም የፈላ ውኃም አይንካው። በጣም ለስላሳ ከሆነ ጨርቅ ጀምሮ ቀስ በቀስ ሻከር ወዳለው እያለፈ ቆዳውን ራሱ በግራ እጁ ያለማምደው፤ ራሱ ሲሆን መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል። መጠነኛ ሕመም ቢሰማው አጥንቱ እየተሰበረ አለመሆኑን ንገሪው። ብዙዎች የሚፈሩት እሱን ነው። በማግስቱ ጭራሽ ካበጠና ካላስተኛው ግን በዝቷል ማለት ነውና ይቀንስ።

የመስታወት ልምምድ የሚባልም አለ። መስታወቱ ደረቱ ፊት ለፊት መሐል ላይ ይቆማል፤ ጤነኛው እጅ ከፊቱ፣ የታመመው ከጀርባው ይሆናል። ጤነኛውን ሲያንቀሳቅስ መስታወቱ ውስጥ የታመመው የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል፤ አንጎል ያንን እያየ ይለማመዳል። ጥንቆላ ይመስላል አይደል? ግን የተጠና ነገር ነው፤ ወጪውም የአንድ መስታወት ነው። አጀማመሩን ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየው።

ዲክሎፌናኩን አቁሚ። ለአራት ቀን የወገብ ሕመም ሌላ ነገር ነው። ለነርቭ ሕመም በየሳምንቱ መውጋት ግን ጨጓራና ኩላሊቱን መጉዳት ነው፤ ጥቅም እንደሌለውም አንቺው ነግረሽኛል። ለዚህ ዓይነቱ የሚታዘዙት እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ ናቸው። እነሱን ሐኪም ይጀምርለት፤ ያንቺ ሥራ ማስረዳትና መከታተል ነው። አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ በትንሽ መጠን ይጀመራል፤ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል። ስለዚህ ገና ሲጀምር ማሽን አጠገብ አይቁም። የድብርት መድኃኒትም ስለሆነ ፋርማሲ ሄዶ «ይሄ ለጭንቀት ነው» ቢሉት ጥሎት እንዳይመጣ አስቀድመሽ ንገሪው። ከሌላ ቦታ ትራማዶል የተባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ይወስድ እንደሆነም ጠይቂው። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደራረብ አደጋ አለው፤ ትራማዶልን ሲወስድ ከቆየ ደግሞ በድንገት አያቁም።

ወጌሻው ይብቃው። በዚህ ላይ አልደራደርም። ለወለምታ የሚመሰገኑ ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ። ጥጥ የሚያመውን እጅ በኃይል ማሸት ግን እሳቱ ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

እናትየውን በተመለከተ፣ እባክሽ «ጠበል ወይ ሕክምና» ብለሽ አታስመርጫቸው። ካስመረጥሻቸው ምርጫቸው ምን እንደሚሆን አንቺም እኔም እናውቃለን። ጻድቃኔ ማርያም ይሂዱ፣ ይጸበል። እናቱን እማማ ብለሽ ቁጭ አድርገሽ ሦስት ነገር ብቻ ለምኛቸው። መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ እዚያም አያቋርጥ። እጁን ከብርዱ በሙቅ ልብስ ይሸፍንለት፣ ግን ማንቀሳቀሱን አይተው። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ሲደርስ ይመለስ። የቀጠሮ ወረቀቱን ለእሱ ሳይሆን ለእሳቸው ስጪያቸው። እናት ቀን አትረሳም።

ወደ ደመወዙና ወደዚያች «ብቁ ነው» ወረቀት እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ አሠሪው የጠቅላላና የልዩ ሕክምና ወጪ፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ እንዲሸፍን ያዛል። ልዩ ሕክምና የሚለውን አስምሪበት። ለሕመም ስፔሻሊስት መላክ ፋብሪካው በቸርነት የሚያደርገው ነገር አይደለም። ሥራ ላይ መዋል ላልቻለበት ጊዜ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል፤ ስሌቱ በዓመታዊ አማካይ ደመወዙ ነው። ስለዚህ በአራተኛው ወር መቀነሱ በራሱ ቅጣት አይደለም። ከ75 በታች ከወረደ ግን ትክክል አይደለምና የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ። ልብ በዪ፣ ይህ ክፍያ ቢበዛ 12 ወር ነው። እኛ «ትንሽ እንጠብቅ» የምንለው እያንዳንዱ ወር ከዚያች 12 ላይ ነው የሚቆረጠው። ለዚህ ነው በሕክምናውም በሕጉም ሪፈሩ ዛሬ ይሁን የምልሽ። አደጋው የደረሰ ዕለት በጽሑፍ መመዝገቡንም አረጋግጪ፤ ካልተመዘገበ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል አሁኑኑ ይጠየቅ። ኋላ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ፊት ከቀረበ ያንቺ ካርድ፣ ልኬትሽና ፎቶሽ ናቸው ምስክሮቹ።

«ብቁ ነው» የሚለውን ወረቀት አትፈርሚ። «ብቁ አይደለም» ብለሽም ዝም ብለሽ አትጻፊ። ከሁለቱ ይልቅ ማድረግ የሚችለውንና የማይችለውን ጻፊ። በቀኝ እጁ ዕቃ አያነሣም፣ የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ አይቆምም፣ ብርድ ያለበት መጋዘን አይመደብም። በግራ እጁ መመዝገብ፣ መቁጠር፣ ሙቀት ባለበት ክፍል ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። እንዲህ ሲሆን አለቃውም የሚያደርገው ነገር ያገኛል፣ ልጁም ከጓደኞቹ አይለይም። ከቤት የዋለ ሠራተኛ በዋለ ቁጥር መመለሱ እየከበደው ይሄዳል። አለቃው ቢቆጣ «እኔ ስፔሻሊስት አይደለሁም፤ ስፔሻሊስቱ እስኪያየው ከዚህ የተለየ መጻፍ አልችልም» በዪው። ደመወዝሽን የሚከፍልሽ እሱ መሆኑን አልረሳሁትም። ይህ አነጋገር ግን እውነት ነው፣ ማንንም አይሰድብም፣ አንቺንም ይጠብቅሻል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ስለሌሎቹ ሠራተኞችሽ ነው። ሦስት ወር መጠበቅ ለሁሉም ደንብ አይደለም። ከስዊድኗ ኦሬብሮ ከተማ ስሙን ያገኘ መጠይቅ አለ፤ አጭሩ አሥር ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ሕመሙ ምን ያህል ነው፣ ትተኛለህ ወይ፣ ትጨነቃለህ ወይ፣ ወደ ሥራ እመለሳለሁ ብለህ ታስባለህ ወይ፣ ሕመም ሲሰማህ ሥራ ማቆም አለብኝ ትላለህ ወይ፣ የመሳሰሉትን ይጠይቃል። ከ100 ነጥብ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሕመሙ ሊከርምበት ይችላልና ቶሎ እርዳታ ይፈልጋል። አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒ አካባቢ በተጎዱ የሆስፒታል ሠራተኞች ላይ ሞክረውታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለይተው የረዷቸው ሰዎች፣ እንደ ወትሮው ከተጠበቁት ያነሰ የሥራ ቀን አጥተዋል። መጠይቁን ባታገኚው እንኳ በሁለተኛው ሳምንት ሲመጡ «መቼ የምትመለስ ይመስልሃል?» ብለሽ ጠይቂ። «አልመለስም መሰለኝ» ያለሽን ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ለሐኪም አሳዪው። ለአለቃው ይህን በገንዘብ ቋንቋ ንገሪው፤ ያኔ ይሰማሻል።

ለመጀመሪያው ሳምንት ሥራሽ እንግዲህ ይኸውልሽ። እጁን ለክተሽ መዝግቢ፤ ደብረ ብርሃን ላይ አጥንትና ፊዚዮቴራፒ አስጀምሪ፤ አዲስ አበባ ደውይ። ቀጠሮው ሩቅ ነው ቢሉሽ እሺ ብለሽ ያዢው፣ ግን አትተኚ። በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ ልኬት ውሰጂ። ጭብጡ ከጠበበ፣ እንቅልፉ ከባሰ፣ ወይም «ምን አለ ይህ እጅ ቢቆረጥልኝ» ማለት ከጀመረ፣ ቁጥሩን ይዘሽ ደውይና ቀጠሮው ይቅረብልኝ በዪ። ከዚያም ብሶ መኖር አስጠልቶኛል ካለሽ ብቻውን አትልቀቂው፤ በዚያው ዕለት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። ወረቀቱን ተቀብለው ምን እንደመለሱልሽ ጻፊልኝ፤ መልሳቸው ካልገባሽ አብረን እናየዋለን።